ሳንቲሙንም አገላብጡት!

በዚህ ዓምድ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጨቃጨቀው ስለ አገር ቤት ጉዳይ፣ ስለ ማኅበሮቻችን መከፋፈልና ስለ ልጆቻችን ቋንቋ መርሳት ነው። ዛሬ ደግሞ ስለ ሳንቲም ላጫውታችሁ ነው። «ይኼ ሰው ወሬ አለቀበት እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ያዘዛችሁት ምግብ እስኪደርስ ታገሡኝ።

ሳንቲም ስል ኪሳችን ውስጥ የሚንኳኳውን ማለቴ አይደለም። በሣጥን ተዘጋጅቶ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ፣ ሰርተፊኬት ተያይዞለት ለስጦታና ለማስታወሻ የሚሸጠውን ነው። ወገኖቻችን ለክርስትና፣ ለልደት፣ ለምረቃ እየገዙ ይሰጡታል። «ለልጆች ይቀመጥ» ብለው የሚያጠራቅሙትም ጥቂት አይደሉም። ብዙ ጊዜ ሣጥኑ በደንብ ሳይታይ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ነውሩ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ሻጩም ደረሰኙም ከጠፉ ወዲያ ነው።

በራሳችን ከደረሰው ልጀምር። የማኅበራችን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 አሥራ ሁለት ልጆች አስመርቋል። ሀ ሁ ሲሉ እርሳስ መያዝ የማይችሉ የነበሩ ልጆች ዛሬ ለአያቶቻቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ለዚህ ምን እንስጣቸው ተብሎ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሜዳልያ ያሉ ነበሩ፣ ቲሸርት ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ አንዲት እናት «የዓመቱን የሳንቲም ስብስብ እንስጣቸው፤ ያደጉበት አገር ገንዘብ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱም ተጽፎበታል፣ ሲያረጁም አይጠፋም» አሉ። ሐሳቡ ሁላችንንም ደስ አሰኘን።

እኔን በተለይ ያስደሰተኝ ሌላ ምክንያት አለ። የአሜሪካ መንግሥት ከ2022 እስከ 2025 በየዓመቱ አምስት አምስት ሴቶችን በሩብ ዶላር ላይ ሲያወጣ ቆይቷል። በ2022 መጀመሪያ የወጣችው ደራሲዋ ማያ አንጀሉ ነበረች። በ2024 ከወጡት አምስቱ አንዷ ዘፋኟ ሴሊያ ክሩዝ ናት። ይቺ ሴት ኩባ ተወልዳ፣ በ1960 ከአገሯ ወጥታ፣ እናቷ በሞቱ ጊዜ እንኳ ለቀብር እንዳትገባ ተከልክላ፣ ዕድሜዋን በስደት የጨረሰች ናት። ከእኛ መካከል የእናቱን ወይም የአባቱን መርዶ በስልክ የሰማ፣ ሊቀብር መግባት ያልቻለ ስንት ሰው አለ! ስደተኛ በአሜሪካ ገንዘብ ላይ መልኳ ሲወጣ ልጆቻችን ቢያዩ መልካም ነው አልኩ።

ከሦስት ዓይነቱ የተሻለውን መረጥን። ገበያ ያልገባ የሚባለው አለ፤ ይህ ለሕዝብ መገበያያ እንደሚሠራው ሳንቲም ተሠርቶ ሰው ሳይነካው የሚታሸግ ነው። ፕሩፍ የሚባለው አለ፤ ይህ ለሰብሳቢዎች ታስቦ በተወለወለ ብረት ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመትቶ የሚሠራ ነው፤ ሜዳው እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል፣ ምስሉ ደግሞ ውርጭ እንደ መታው ነጣ ይላል። ሦስተኛው የብር ፕሩፍ ነው፤ ከአሥሩ ሳንቲሞች ሰባቱ፣ ማለት አምስቱ ሩብ ዶላሮች፣ ባለ አሥሩና ግማሽ ዶላሩ፣ ከ2019 ወዲህ 99.9 በመቶ ንጹሕ ብር ናቸው። ሳን ፍራንሲስኮ የተሠሩ ስለሆኑ «ኤስ» የምትል ትንሽ ፊደል አለባቸው። እኛ ያዘዝነው ይህንን ነው። ገንዘቡ ከወላጆች መዋጮና ከቡና ሽያጭ የተገኘ፣ ወደ ሁለት ሺህ ዶላር የሚጠጋ ነበር። አሥራ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ አቀርባለሁ ካለ አንድ የግል ነጋዴ ገዛን። ስሙን አላነሣም፤ ጉዳዬ ከስሙ አይደለም።

ዕቃው ደረሰ። ሦስት ሆነን በትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፈትነው። ገንዘብ ያዣችን ነርስ ናት፤ ዓይኗ መርፌ ነው። መጀመሪያውን ሣጥን ብርሃን ላይ ይዛ አዘነበለችና «ይኼ ምንድን ነው?» አለች። በግማሽ ዶላሩ ላይ፣ በኬኔዲ ጉንጭ ዘንድ፣ የደረቀ ወተት የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ነበር። ቀጣዩን ከፈትን። የሴሊያ ክሩዝ ፊት ላይ የሰው አውራ ጣት አሻራ ከፕላስቲኩ በታች ጉልህ ብሎ ይታያል። ሌላው ውስጥ ክር የመሰለ ነገር አብሮ ታሽጓል። አንዱ ማቀፊያ ተሰንጥቆ ሁለት ሳንቲሞች ከቦታቸው ወጥተው እየተንኳኩ ሲፋጩ መጥተዋል። ቆጠርን፤ ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ነውር ነበረባቸው። ለምረቃው የቀረን አምስት ሳምንት ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው ላጫውታችሁ የፈለግሁት። የኮሚቴው ስብሰባ ተጠራ። አንዱ «ልጆች ናቸው፣ ምን ያውቃሉ፣ እንስጣቸው» አለ። ሌላው «ለነጠብጣብ ብለን ከፈረንጅ ጋር ልንካሰስ ነው? ያስቁብናል» አለ። አንዲት ደግ እናት ደግሞ «እኔ በሎሚና በአመድ አጥርቼ አመጣዋለሁ፤ የአንገቴን መስቀል የማጠራው እንዲያ ነው» አሉ። እርግጥ የእማማ መስቀል ሁልጊዜ እንዳበራ ነው። ሳንቲም ግን እንደ መስቀል አይደለም። ፕሩፍ የሆነ ሳንቲም በጨርቅ እንኳ ቢታሽ መስተዋት መሳዩ ሜዳ ይጫጫራል፤ የታጠበ ወይም የተፈተገ ሳንቲም ደግሞ የሰብሳቢ ዋጋውን ያጣል። ከሁሉም በላይ፣ ከማቀፊያው ያወጣችሁትን ዕቃ ሻጩ አልቀበልም ቢላችሁ የምትመልሱት የላችሁም።

በበኩሌ የተናገርኩት ይህን ነው። ገንዘቡ የኔ ቢሆን ኖሮ እንደ ፈለግሁ ልተወው እችል ነበር። ይህ ገንዘብ ግን ማታ ታክሲ የሚነዳ አባትና ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ እናት ያዋጡት ነው። ከዚያም በላይ አሥራ ሁለት ልጆች ስንት ዓመት ሙሉ ቅዳሜያቸውን ሰጥተውን «የእናንተ ነገር እንከን ቢኖረውም ይብቃችሁ» ብለን ልንሰጣቸው አይገባም። ልጆቹ ነውሩን ዛሬ ባያዩት ነገ ያዩታል። ያን ጊዜ የሚጠይቁት ሻጩን አይደለም፤ እኛን ነው።

ወደ ነጋዴው ደወልን። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ትሑት ናት፤ መልሷ ግን የተዘጋጀ ነበር። «ይህ የተለመደ ነገር ነው» አለች። ቀጥላም «ሳንቲሙን የሠራው መንግሥት ስለሆነ እኛን አይመለከትም» አለች። ገንዘብ ያዣችን ድምጿን ሳታነሣ «እኛ ገንዘቡን የከፈልነው ለእናንተ ነው፤ ደረሰኙም የእናንተ ነው» አለቻት። በዚያው ዕለት የያንዳንዱን ሣጥን ፎቶ በስልክ አነሣን፣ ነውሩን በተራ ቁጥር ዘረዘርን፣ ለሰባቱ ምትክ ወይም ገንዘብ እንደምንፈልግና እስከ የትኛው ቀን እንደምንጠብቅ ጽፈን በኢሜይልና በአደራ ደብዳቤ ላክን። ከሳምንት በኋላ ማኔጀሩ ደውሎ በሚቀጥለው ግዢ አሥር በመቶ ቅናሽ ላድርግላችሁ አለ። «የሚቀጥለው ግዢ ከዚህ ግዢ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ይህ ገና አላለቀም» አልነው። ይህንኑ ለክሬዲት ካርዱ ባንክ ከነፎቶው ጻፍን። ባንኩ ጉዳዩን መመርመር ሲጀምር የነጋዴው ቋንቋ ተለወጠ። አምስቱን ለወጠ፤ ለሁለቱ ምትክ የለኝም ብሎ ገንዘቡን መለሰ። ምረቃው ላይ አሥር ልጆች ሣጥናቸውን ተቀበሉ፤ ሁለቱ ከሌላ ቦታ እስኪገዛላቸው ሁለት ሳምንት ጠበቁ። ማንም አልሳቀብንም።

እውነቱን ለመናገር ግን ሻጭን ሁሉ መውቀስም ግፍ ነው። ነውር የሚባለውንና ነውር የማይባለውን መለየት ያስፈልጋል። ገበያ ያልገባ የሚባለው ሳንቲም ከማሽኑ ሲወጣ በሺህ ከሚቆጠሩ ወንድሞቹ ጋር ስለሚጋጭ ትንንሽ ጭረት አያጣም። «ገበያ ያልገባ» ማለት ሰው አልተገበያየበትም ማለት እንጂ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሰብሳቢዎች ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ፍጹም የሚባለው 70 ብቻ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሣጥን ደግሞ 70 የገባለት የለም። ብርም ብር ነውና አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ከጊዜ ብዛት ወደ ቢጫና ወደ ጥቁር ይሄዳል። የወተት ነጠብጣብ የሚሉት ደግሞ የብዙ አገር የብር ሳንቲም በሽታ ነው፤ የካናዳ መንግሥት ሳንቲም ማምረቻ ይህንኑ ለመከላከል ሚንትሺልድ የሚባል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2018 አስተዋውቋል። አንዳንዴም ሳንቲሙ ንጹሕ ሆኖ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ይታያል። እንግዲህ ጭረት በፕላስቲኩ ላይ ነው ወይስ በሳንቲሙ ላይ? ነጠብጣቡ ሲደርስ ነበረ ወይስ ቤታችሁ ከርሞ መጣ? ይህን ለይቶ የሚናገር ሰው ይደመጣል። የጣት አሻራ፣ አብሮ የታሸገ ቆሻሻ፣ የተሰነጠቀ ማቀፊያ፣ የጎደለ ሳንቲም ግን ከፕሩፍ ዋጋ ጋር አብሮ አይሄድም። በዚህ ላይ መከራከር ትንሽነት አይደለም።

የኛ ነገር እንዲህ አለቀ። ወሬው በሠፈር ሲሰማ ግን የባሰ መጣ። አንድ የማከብራቸው ጋሼ አሉ። ለብዙ ዓመት በመኪና ማቆሚያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ጠርተውኝ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ካፈሉልኝ በኋላ ከአልጋቸው ሥር አንድ ቀይ ቡናማ ሣጥን አወጡ። በቬሉዶ ላይ የተደረደሩ ሃምሳ ሩብ ዶላሮች፤ ሁሉም ቢጫ፣ ሁሉም የሚያበሩ። በ1999 ተጀምሮ በ2008 ያበቃው የሃምሳው ስቴት ሩብ ዶላር ነው፤ አንድ ሻጭ ወርቅ ቀብቶ፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየላከ፣ በየወሩ ሒሳብ እያስከፈለ ያስረከባቸው ነው።

«አንተ ልጅ፣ እየው እስቲ» አሉኝ። «ሃምሳውም ወርቅ ነው። ከመሞቴ በፊት አገር ቤት ላሉት የልጅ ልጆቼ ልልከው ነው። ውርሴ እሱ ነው።»

ምን ልበላቸው? ዝም ብል ሣጥኑ አገር ቤት ደርሶ፣ ወርቅ ቤት ተወስዶ፣ አያት በሌሉበት መሳቂያ ይሆናል። «ጋሼ፣ የወጥ ቤት ሚዛን አለዎት?» አልኳቸው። ዳቦ የሚመዝኑበት ትንሽ ሚዛን ነበራቸው። ከኪሴ አምስት ተራ ሩብ ዶላር አወጣሁ፤ እሳቸው ከሣጥኑ አምስት አወጡ። በየተራ መዘንን። እኩል መጣ። አንዱ ተራ ሩብ ዶላር 5.67 ግራም ነው። ያው ሳንቲም በዚያው መጠን ጥርት ያለ ወርቅ ቢሆን ኖሮ ከእጥፍ በላይ ይመዝን ነበር። ሚዛኑን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ሃምሳው ባንድ ላይ ሱቅ ቢሄድ 12 ዶላር ከ50 ነው፤ የቅቡ ወርቅ እጅግ ስስ ስለሆነ ተፍቆ ቢሸጥ የፋቂውን ድካም አይከፍልም።

«ታዲያ ሰርተፊኬቱስ?» አሉ።

«ሰርተፊኬቱን የጻፈው ሻጩ ራሱ ነው፣ ጋሼ።»

ብዙ ዝም አሉ። በኋላ የተናገሩትን አልረሳውም። «አባቴ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ነበሩ። ማርትሬዛ ሲቀበሉ ግን የሴትዮዋን ሉል ይቆጥሩ ነበር። እኔ ተምሬ፣ አሜሪካ መጥቼ፣ ሳልቆጥር ተቀበልኩ» አሉ።

ይህ የጋሼ አነጋገር ብዙ አሳሰበኝ። የምናፍርበት ነገር አለመሆኑንም አሳየኝ፤ ምክንያቱም ገንዘብን አገላብጦ ማየት ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ልማዳችን ነው። የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ብሯ ሁሉ፣ ቪየናም ተሠራ ሮምም ሎንዶንም ቦምቤይም፣ ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዞ ወጣ። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት፣ ብሩም ከሺህ 833 እጅ ነው። ለምን ዓመቱ አልተለወጠም ቢሉ፣ ገበያው እንዲለወጥ ስላልፈቀደ ነው። በኛ አገርና በቀይ ባሕር ዙሪያ ሰው ብሩን ሲቀበል የራስ ጌጧን ሉሎችና በትከሻዋ ላይ ያለውን የጌጥ መርፌ ያይ ነበር። ሉሉ የተፋቀ፣ መልኩ የደከመ ብር አልቀበልም ይባላል፤ ነጋዴው የፈረንጅም የዓረብም ቢሆን ሌላ ያምጣ ይባላል። ዐፄ ምኒልክ እንኳ የራሳቸውን መልክ የያዘ፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር ፓሪስ አሠርተው ሲያመጡ ሕዝቡ ቶሎ አልለመደውም፤ ጠገራውን ማርትሬዛ ሙጥኝ አለ። ከዚያም በፊት አሞሌ ጨው መገበያያ በነበረበት ዘመን፣ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወርድ ነበር። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ያለ ሕዝብ በጥራት ጉዳይ ቀልድ አያውቅም።

አንድ ልጨምር። 1936 ዓ.ም. የሚል ያለበት የኢትዮጵያ የብር ሃምሳ ሳንቲም የተሠራው እዚሁ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው። በዚያን ጊዜ ስሙኒውም ክብ ስለ ነበረ፣ አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ እንደ ሃምሳ ሳንቲም ይሰጡት ጀመር። መንግሥት ያገኘው መፍትሔ የስሙኒውን ጠርዝ ማሳመር፣ እንደ አበባ ቅጠል ማድረግ ነበር፤ ጨለማም ውስጥ ጣት ይለየዋልና። እንግዲህ ተራውን ቀብቶ የከበረ ማስመሰል ለኛ አዲስ ተንኮል አይደለም። አዲሱ ነገር እዚህ መጥተን መዳሰስ ማቆማችን ነው።

ለምን አቆምን? በኔ ግምት ሦስት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ሣጥኑ ያስፈራል። ቬሉዶውና ማኅተሙ «እኔን አትመርምሩኝ» ይላል። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛው ያስፈራል፤ ስልክ ደውሎ ከመከራከር ጉዳቱን መዋጥ ይቀላል። ሦስተኛውና ዋናው ይሉኝታ ነው። ዕቃ የመለሰ ሰው ድኻ ወይም ጨቅጫቃ የሚባል ይመስለናል። አገር ቤት መርካቶ ውስጥ አንድ ሜትር ጨርቅ ለመግዛት ግማሽ ቀን የምንከራከር ሰዎች፣ እዚህ ስንመጣ የመቶ ዶላር ነውር አይተን «ይሁን» እንላለን። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በሻጭ ፊት ዝም ማለት ግን ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም የራስ ገንዘብ ነው። የሚያዋጣው ሌላው ተረታችን ነው፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ከኛና ከጋሼ ጉዳይ የተማርነውን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ዕቃው በደረሰ ዕለት ክፈቱት። የልደት ስጦታ ነው ብላችሁ እንደ ታሸገ አታስቀምጡት፤ የመመለሻ ቀን የሚቆጠረው ልደቱን ጠብቆ አይደለም። በቀን ብርሃን ወይም ባንድ መብራት ሥር እያዘነበላችሁ እዩ። አጉሊ መነጽር ካለ ይሻላል። ነውር ካያችሁ ከማቀፊያው አታውጡት፤ አትጠቡት፣ አትወልውሉት፣ በጣታችሁም ፊቱን አትንኩት። ፎቶ አንሡ፤ ሣጥኑንም፣ የተላከበትን ካርቶንም፣ ደረሰኙንም ጭምር።

ብር ነው ተብሎ የተሸጠላችሁን የአሜሪካ ሳንቲም ጠርዙን ተመልከቱ። ለሕዝብ የሚወጡት ባለ አሥርና ሩብ ዶላር እስከ 1964 ድረስ 90 በመቶ ብር ነበሩ፤ የ1965ቱ ሕግ ብሩን አስወጣው። ከዚያ ወዲህ በተራው ሳንቲም ጠርዝ ላይ የመዳብ ቀይ መስመር ይታያል፤ በብሩ ላይ ግን ጠርዙ ነጭ ነው። ክብደቱም ይለያል፤ የድሮው የብር ሩብ ዶላር 6.25 ግራም ነው። ወርቅ ነው ለተባለ ደግሞ የጋሼን ሚዛን አስታውሱ።

በስልክ የተነጋገራችሁትን በጽሑፍ ድገሙት። ስም፣ ቀን፣ የተባለውን ቃል ያዙ። ምን እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ተናገሩ፤ «አዝኛለሁ» ማለት ብቻውን መልስ አያመጣም። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የክሬዲት ሒሳብ ሕግ አለ፤ በክሬዲት ካርድ የገዛችሁት ዕቃ በስምምነቱ መሠረት ካልቀረበላችሁ፣ ሒሳቡ ያለበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ። ይህ ሕግ ለክሬዲት ካርድ ነው። በመኒ ኦርደርና በጥሬ ገንዘብ ለከፈለ ሰው እንዲህ ያለ ጋሻ የለውም። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ዕዳ እንፈራለን ብለው በመኒ ኦርደር ይከፍላሉ፤ ፍርሃቱ መልካም ነው፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ግዢ ግን ካርዱን ተጠቅሞ በወሩ መክፈል ይሻላል። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችሁም በስልክ ወይም በፖስታ የገዙትን አብዛኛውን ዕቃ ያለ ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ መመለስ እንደሚችሉ ንገሯቸው።

«በየወሩ እናሳይዎታለን» ለሚል ሻጭ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ሣጥን በርካሽ ይመጣል፤ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን እስካላቆማችሁት ድረስ እንደሚላክና እንደምትከፍሉ ይናገራል። የአሜሪካን ባንዲራና ንስር የለጠፈ ሁሉ መንግሥት አይደለም። ስሙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢመስልም የግል ንግድ ሊሆን ይችላል። አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም ደግሞ ከ1973 ጀምሮ በሕግ «ኮፒ» የሚል ቃል ሊቀረጽበት ይገባል፤ ያንን ቃል ፈልጉ። እንደገናም ወሬ በተነሣ ቁጥር ሻጭ ይነሣል። ብር በ2025 ከ50 ዶላር በላይ ወጣ ሲባል፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለመገበያያ የሚሆን ፔኒ መታተም ቆመ ሲባል፣ «የመጨረሻው ዕድል» የሚል ማስታወቂያ ይከተላል። በሕዝቡ እጅ ያለው ፔኒ ከመቶ ቢሊዮን በላይ ነው፤ እንደዚህ የበዛ ነገር ብርቅ ሊባል አይችልም። ለስጦታ ግዙ፣ ለፍቅር ግዙ፤ ለልጅ ኮሌጅ መክፈያ ይሆናል ብሎ ሳንቲም በሣጥን ማጠራቀም ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷም አንዳንዴ ነጠብጣብ ሆኖ ብሩ ላይ ይቀራል።

ጋሼን በሚመለከት፣ ለሻጩ የማቆሚያ ደብዳቤ በአደራ ላክንላቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ጭነቶች፣ ገና ያልተከፈቱትን፣ መልሰው ገንዘባቸውን አገኙ። የቀረው አልተመለሰም፤ ተስማምተው የፈረሙት ወረቀት አለና። እኔ ሣጥኑን የሚጥሉት መስሎኝ ነበር። አልጣሉትም። «ሃምሳ አገር ተጽፎበታል፤ አያታቸው የኖረበትን አገር ይማሩበት» ብለው አገር ቤት ሊልኩት ነው። ሰርተፊኬቱን ግን ቀድደው፣ በምትኩ በገዛ እጃቸው «ቅብ ነው፤ ወርቅ አይደለም፤ አያታችሁ» ብለው ጽፈው ከላዩ አኑረውበታል። ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ሰርተፊኬት በበኩሌ አላየሁም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጣችሁት ካለ ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት። ቀኑ ያላለፈበት ሊኖር ይችላል። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ወደ ማኅበራችን ክፍል ብቅ በሉ። ትልልቆቹ ተመራቂዎች ደብዳቤ ይጽፉላችኋል፤ ገንዘብ ያዣችን አጉሊ መነጽሯን ይዛ ትቀመጣለች፤ ጋሼም ሚዛናቸውን ማምጣት ጀምረዋል። ቡናውም አይታጣም።

ቸር ይግጠመን።